ከልብ የወጣ ቫልቭ እንዴት ይመረመራል?

የዛሬው ትምህርት ከአንድ ጥያቄ ይነሣል። ቀዶ ሐኪሙ የታመመውን የልብ ቫልቭ ቆርጦ አውጥቷል፤ በምትኩም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተክሏል። ታማሚዋ በማገገሚያ ክፍል ተኝታለች። የወጣው ቁራጭ ከእንግዲህ ደም አያሳልፍም፣ ወደ ልብም አይመለስም። ታዲያ ለምን ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ይላካል? መልሱን በትክክል ለመያዝ በቅድሚያ የምንጠቀምባቸውን ቃላት እንወስን።

ቫልቭ ማለት ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚከፈትና የሚዘጋ የልብ በር ነው። እያንዳንዱ ቫልቭ ከስስ ሽፋኖች የተሠራ ነው፤ እነዚህን ሽፋኖች ክዳኖች እንላቸዋለን። ሁለት ክዳኖች ጎን ለጎን የሚገናኙበትን ቦታ መጋጠሚያ እንለዋለን። ፓቶሎጂ በሽታ በሰውነት ክፍሎች ላይ ያደረሰውን ለውጥ በዓይንና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር የሕክምና ዘርፍ ነው፤ ባለሙያው ፓቶሎጂስት ይባላል። ለምርመራ ከሰውነት የወጣው ቁራጭ ደግሞ ናሙና ነው።

ልብ አራት ቫልቮች አሉት። በቀኝ በኩል ትራይከስፒድና ፐልሞናሪ፣ በግራ በኩል ሚትራልና አዮርቲክ ይገኛሉ። ሚትራል በግራው የላይኛ ክፍልና በግራው የታችኛ ክፍል መካከል ያለ ሲሆን ሁለት ክዳኖች አሉት። አዮርቲክ በግራው የታችኛ ክፍልና አዮርታ በተባለው ትልቁ የደም ቧንቧ መካከል ያለ ሲሆን በተለመደው አፈጣጠር ሦስት ክዳኖች አሉት። ከፍተኛ ግፊት የሚሸከሙት የግራዎቹ ናቸው፤ ወደ ላቦራቶሪ የሚመጡትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ስለዚህ ትምህርታችንን በሁለቱ እንወስናለን።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። የወጣው ቫልቭ የሚመረመረው ሦስት ነገሮችን ለማወቅ ነው። አንደኛ፣ ምን ተለወጠ? ሁለተኛ፣ ለምን ተለወጠ? ሦስተኛ፣ በሽታው አሁንም በሥራ ላይ ነው ወይስ ጠባሳውን ትቶ ሄዷል? የሦስተኛው መልስ የታማሚዋን የዛሬ መድኃኒት ይወስናል። የሁለተኛው መልስ ደግሞ ከእርሷ አልፎ ቤተሰቧንም ሊነካ ይችላል። ለምሳሌ አንዳንድ ሰዎች የአዮርቲክ ቫልቫቸው ሲፈጠር ጀምሮ ባለ ሁለት ክዳን ነው፤ ከ100 ሰዎች በ1 ወይም በ2ቱ ይታያል። ይህ አፈጣጠር በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ይደጋገማል፣ ከአዮርታ መስፋትም ጋር ይያያዛል። ስለዚህ በናሙናው ላይ ሲረጋገጥ የታማሚዋ ወላጆች፣ ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች በአልትራሳውንድ ልባቸውን እንዲታዩ ማሳሰብ ተገቢ ይሆናል። ቁራጩ ከልብ ቢወጣም የሚናገረው አላለቀም ማለት ነው።

የታመመውን ከማየታችን በፊት ጤነኛውን እንወቅ። ጤነኛ ክዳን ስስ፣ ለስላሳና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚችለው ከሦስት ንብርብሮች ስለተሠራ ነው። የመጀመሪያው በኮላጅን የተሞላው ጠንካራ ንብርብር ነው። ኮላጅን ሕብረ ሕዋስን አጽንቶ የሚይዝ፣ ሲሳብ በቀላሉ የማይበጠስ የፕሮቲን ክር ነው። ሁለተኛው መካከለኛው ንብርብር ሲሆን ውኃ በሚይዙ፣ ፕሮቲዮግላይካን በተባሉ ሞለኪውሎች የተሞላና ልል ነው፤ ግጭትን ያበርዳል። ሦስተኛው ተለጥጦ የሚመለስ የኢላስቲክ ክር የበዛበት ንብርብር ነው። የሦስቱም ውጫዊ ገጽታ ኢንዶቴልየም በሚባል ባለ አንድ ረድፍ የሕዋሳት ሽፋን ተለብጧል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በሚትራል ቫልቭ የኮላጅኑ ንብርብር ወደ ታችኛው ክፍል ያዘነብላል፤ በአዮርቲክ ቫልቭ ደግሞ ወደ አዮርታ ያዘነብላል። ሁለቱ ለምን ተለያዩ? ሚትራል ሲዘጋ የሚገፋው ግፊት ከታችኛው ክፍል ይመጣል፤ አዮርቲክ ሲዘጋ የሚገፋው ግፊት ከአዮርታ ይመጣል። ጠንካራው ንብርብር ሁልጊዜ ግፊቱ ወደሚመጣበት ፊቱን አዙሯል። ይህን የያዘ ተማሪ አንድ ስላይድ (ስስ ቁራጭ የተለጠፈበት መስታወት) ተሰጥቶት የትኛው ገጽ ወዴት ይመለከት እንደነበር ሲጠየቅ በቃል ከመሸምደድ ይድናል።

ሌላም አለ። በጤነኛ ክዳን ውስጥ የደም ሥር የለም ማለት ይቻላል፤ ክዳኑ ስስ ስለሆነ በዙሪያው ከሚፈሰው ደም በቀጥታ ይመገባል። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ ስር ግድግዳቸው የወፈረ የደም ሥሮች በክዳኑ መካከል ካየን፣ አንድ ጊዜ በዚያ ቦታ ብግነት እንደነበረ እንረዳለን። ብግነት ስንል ሰውነት ጉዳትን ወይም ጀርምን ለመከላከል ሕዋሳቱንና ፈሳሹን ወደ አንድ ስፍራ የሚያሰባስብበት ምላሽ ማለታችን ነው።

እስካሁን ያልነውን እንሰብስብ። ጤነኛ ክዳን ስስ ነው፣ ባለ ሦስት ንብርብር ነው፣ የደም ሥር የለውም። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ለውጥ አለ እንላለን።

ቀጥሎ የትምህርቱ ዋና መለያየት ይመጣል። ምልከታና ትርጓሜ ሁለት ነገሮች ናቸው። ምልከታ በናሙናው ላይ ማንኛውም የሠለጠነ ዓይን የሚያየውና የሚለካው ነው፤ “ክዳኑ 4 ሚሊ ሜትር ወፍሯል፤ ሁለቱም መጋጠሚያዎች ተጣብቀዋል” ስንል ምልከታ ነው። ትርጓሜ ከምልከታው ተነሥተን ስለ ምክንያቱ የምንሰጠው ፍርድ ነው፤ “ይህ ለውጥ ከሩማቲክ በሽታ የመጣ ነው” ስንል ትርጓሜ ነው። ምልከታ ያለ ትርጓሜ ለሐኪሙ አይጠቅመውም። ትርጓሜ ያለ ምልከታ ደግሞ ማንም ሊፈትሸው የማይችል ቃል ሆኖ ይቀራል። በብዙ ላቦራቶሪዎች የጥያቄ ወረቀቱ ላይ “ሩማቲክ የልብ በሽታ” ተብሎ ተጽፎ ስለሚመጣ፣ ገና የናሙናው ማሰሮ ሳይከፈት ስሙ በአእምሮ ውስጥ ይቀመጣል። ወረቀቱ መነበብ አለበት፤ ነገር ግን ዓይን ወረቀቱ የነገረውን ብቻ እንዲያይ መፍቀድ አይገባም። ይህን መለያየት ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ደረጃ እንጠብቀዋለን።

የምርመራው የመጀመሪያ ደረጃ የሚፈጸመው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ፣ ናሙናው ፎርማሊን ወዳለበት ማሰሮ ሲገባ ነው። ፎርማሊን ሕብረ ሕዋስ እንዳይበሰብስ የሚያጸና ፈሳሽ ነው፤ በተለመደው አሠራር 10 ከመቶ ሆኖ ይዘጋጃል፣ መጠኑም ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን ይገባዋል። ፎርማሊን የሰውነትን ሕዋሳት እንደሚያጸና ሁሉ ጀርሞችንም ይገድላል። ስለዚህ ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ ፎርማሊን ከመፍሰሱ በፊት ከቫልቩ ላይ ንጹሕ ቁራጭ ተወስዶ ወደ ማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ለካልቸር መላክ አለበት። ካልቸር ማለት ጀርምን በተመቻቸ ምግብ ላይ አሳድጎ ማንነቱን ማወቅ ነው። አንዴ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ይህ በር ተዘግቷል፤ ምንም ዓይነት ብልሃት አይከፍተውም። በእኔ ፍርድ በቫልቭ ምርመራ ብዙ እውቀት የሚባክነው በማይክሮስኮፑ ላይ ሳይሆን በዚህች በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ነርሷና ቀዶ ሐኪሙ ማሰሮውን ሲቀባበሉ።

ሁለተኛው ደረጃ በላቦራቶሪዎቻችን “ግሮስ” የሚባለው ነው፤ ናሙናውን በዓይን መመርመር፣ መለካት፣ መመዘንና ፎቶ ማንሣት ነው። ጀማሪ ተማሪ ይህን ደረጃ ወደ ማይክሮስኮፕ የሚያደርስ መተላለፊያ አድርጎ ይቆጥረዋል። በቫልቭ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የበሽታው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በዓይን ነው፣ ማይክሮስኮፑ የሚያረጋግጠውና የሚያሟላው ነው። ስለዚህ ጊዜያችንን እዚህ ላይ እናሳልፍ።

የሚትራል ቫልቭ ነው እንበል። መጀመሪያ ሙሉ ነው ወይስ ቁራጭ? ቀዶ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ክዳኖቹን ለየብቻ ቆርጠው ያወጣሉ፤ የኋለኛውን ክዳን በቦታው ሊተዉትም ይችላሉ። መጋጠሚያው ከተቆረጠ ተጣብቆ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ናሙናው ብቻውን አይመልስም። ያን ጊዜ የቀዶ ሐኪሙን ማስታወሻና ቀድሞ የተነሣውን የልብ አልትራሳውንድ መጠየቅ ግዴታ ነው። ቀጥሎ ሁለቱም ገጾች ይታያሉ፤ ከላይ የነበረውና ከታች የነበረው። ከዚያ የጅማት ክሮቹ ይታያሉ። የጅማት ክሮች የክዳኖቹን ጠርዝ በታችኛው ክፍል ካሉት ጡንቻዎች ጋር የሚያስሩ ቀጫጭን ገመዶች ናቸው። ወፍረዋል ወይስ ቀጥነዋል? አጥረዋል ወይስ ረዝመዋል? እርስ በርስ ተጣብቀዋል? ተበጥሰዋል?

እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሁለት ትልልቅ በሽታዎችን ይለያሉ። የመጀመሪያው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ሰው በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ምክንያት ጉሮሮው ይታመማል፤ በእኛ ዘንድ “ቶንሲል ያዘው” የሚባለው ነው። ካልታከመ አንዳንዶች ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሩማቲክ ትኩሳት ይነሣል። በዚህ ጊዜ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ፣ ከባክቴሪያው ጋር በከፊል ስለሚመሳሰሉ የራሱን የልብ ክፍሎች ያጠቃል። ብግነቱ ሲመላለስ ክዳኖቹ ይወፍራሉ፣ መጋጠሚያዎቹ ይጣበቃሉ፣ የጅማት ክሮቹም ወፍረው፣ አጥረው፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሐኪሞች “የዓሣ አፍ” የሚሉት ጠባብ ቀዳዳ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። የጤነኛ ጎልማሳ ሚትራል ቀዳዳ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ጥበቱ ከባድ ይባላል።

ሁለተኛው ሚክሶማዊ ለውጥ ይባላል። በዚህ ለውጥ መካከለኛው ልል ንብርብር በፕሮቲዮግላይካን ያብጣል፣ ጠንካራው የኮላጅን ንብርብርም ይሳሳል። ውጤቱ የሩማቲክ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ክዳኑ ወፍሮ ቢታይም ለስላሳና ወደ ላይ የተነፋ ነው፤ መጋጠሚያዎቹ አልተጣበቁም፤ የጅማት ክሮቹ ረዝመውና ቀጥነው አንዳንዴም ተበጥሰው ይገኛሉ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ክዳኖች “ወፍራም” ናቸው። “ክዳኑ ወፍሯል” ብሎ ያቆመ ሰው ሁለቱን በሽታዎች በአንድ ቃል ቀላቅሏል። የሚለየው ክሮቹንና መጋጠሚያዎቹን ማየት ነው።

ለአዮርቲክ ቫልቭ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ኖራው የት ነው የሚለው ነው። ኖራ ስንል በክዳኑ ላይ የተከማቸውን የካልሲየም ጨው ማለታችን ነው፤ ሲነካ ድንጋይ ይሆናል። በዕድሜ በሚመጣው ጥበት ኖራው በአዮርታ በኩል ባለው ገጽ ላይ፣ ከክዳኑ ሥር ጀምሮ፣ እብጠት እብጠት እየሆነ ይከማቻል፤ ነፃው ጠርዝ በአብዛኛው ይተርፋል፣ መጋጠሚያዎቹም አይጣበቁም። በሩማቲክ ግን መጀመሪያ የሚጎዱት መጋጠሚያዎቹና ጠርዞቹ ናቸው። ሲፈጠር ባለ ሁለት ክዳን የሆነው ቫልቭም ኖራ ይይዛል፤ እንዲያውም ከሌሎች ቀድሞ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሦስት ክዳን የነበረው ቫልቭ በሩማቲክ በሽታ ሁለቱ ሲጣበቁበት ባለ ሁለት ይመስላል። በአፈጣጠር በተዋሐደው ትልቅ ክዳን መካከል ያለው ሽንተር በአብዛኛው ወደ ነፃው ጠርዝ ሳይደርስ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ በበሽታ የተጣበቀው መጋጠሚያ ግን እስከ ጠርዙ ድረስ ይደርሳል፣ ሁለቱ ክዳኖችም ጎን ለጎን ሆነው ይለያሉ። ስለ ቤተሰብ ምርመራ ከላይ ያነሣነው ነገር በዚህች ሽንተር ላይ ይንጠለጠላል።

በክዳኑ ላይ ቀዳዳ ቢኖርስ? ቀዳዳው የኢንፌክሽን ይሁን የመቀስ እንዴት እንለያለን? የመቀስ ቁርጥ ጠርዙ ንጹሕና ስል ነው። ኢንፌክሽን የበሳው ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ የወፈረና ብዙውን ጊዜ ፍርፋሪ የያዘ ነው። ጥርጣሬ ካለ ለቀዶ ሐኪሙ ስልክ መደወል ከማይክሮስኮፕ ይፈጥናል። በመዝጊያው መስመር ላይ ከዕድሜ ጋር የሚመጡ ስስ ክሮችም አሉ፤ ላምብል የተባለው ሐኪም በ19ኛው መቶ ዘመን የገለጻቸው ሲሆኑ ኢንፌክሽን አይደሉም። በጥቃቅን ጣቶች የተሞላ እብጠት ካጋጠመ ደግሞ ውኃ ውስጥ ማስገባት ብቻ ይበቃል፤ ፓፒላሪ ፋይብሮኢላስቶማ የተባለው ጉዳት የሌለው ዕጢ ከሆነ ጣቶቹ ይዘረጋሉ።

ሦስተኛውን ደረጃ በአጭሩ እንለፈው። ከተመረጡት ቦታዎች ቁራጮች ተወስደው ካሴት በሚባል ትንሽ መያዣ ውስጥ ይገባሉ፤ በአልኮል ውኃቸው ወጥቶ፣ በዛይሊን ጸድተው፣ ሰም ይጠጣሉ፤ ከዚያም ከ3 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ተቆርጠው በስላይድ ላይ ይለጠፋሉ። ቁራጩ ከጠርዙ እስከ ሥሩ ድረስ በቁመቱ መወሰድ አለበት፤ አለበለዚያ ሦስቱን ንብርብሮች በአንድነት ማየት አይቻልም። ኖራ የያዘ ቁራጭ ቢላውን ስለሚሰብር መጀመሪያ ኖራው ይሟሟል። ጠንካራ አሲድ ሥራውን በፍጥነት ይጨርሳል፤ ነገር ግን የሕዋሳቱን ቀለም ያደበዝዛል፣ ዲኤንኤውንም ያበላሻል። ኢዲቲኤ የተባለው ንጥረ ነገር ቀናት ቢወስድም ይራራል። ከሁሉ የሚሻለው ኖራ የሌለበትን ለስላሳ ክፍል፣ በተለይ ኢንፌክሽን የሚጠረጠርበትን፣ አስቀድሞ ለይቶ በሌላ ካሴት ማስገባት ነው።

ስላይዶቹ ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን በተባሉት የተለመዱ ቀለሞች ይቀባሉ። ለንብርብሮቹ ግን የሞቫት ቀለም ይመረጣል፤ ኮላጅንን ቢጫ፣ የኢላስቲክ ክርን ጥቁር፣ ፕሮቲዮግላይካንን ሰማያዊ አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል። ሚክሶማዊውን ቫልቭ በዚህ ቀለም ያየ ተማሪ ስለ መካከለኛው ንብርብር ማበጥ ሁለተኛ ማብራሪያ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደርሰናል፤ በሽታው አሁንም በሥራ ላይ ነው? እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነውና።

ኢንዶካርዳይተስ የልብ ውስጠኛ ሽፋን፣ በተለይም የቫልቮች፣ ኢንፌክሽን ነው። ምልክቱ ቬጀቴሽን ይባላል፤ ይኸውም ከረጋ ደም፣ ፋይብሪን ከተባለው የደም ማርጊያ ክር፣ ከነጭ የደም ሕዋሳትና ከጀርም ተሰብስቦ በክዳኑ ላይ የተለጠፈ ፍርፋሪ ነው። በዱክ ዩኒቨርሲቲ በ1994 የወጣው፣ በ2023 የታደሰው የምርመራ መስፈርት የናሙናውን የፓቶሎጂ ውጤት ኢንዶካርዳይተስን ያለ ጥርጥር ከሚያረጋግጡት መንገዶች አንዱ ያደርገዋል። ከዚህ የተነሣ የፓቶሎጂስቱ ቃል ይከብዳል። ሲከብድ ደግሞ ሦስት ነገሮችን ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል፤ ጀርም መታየቱን፣ ጀርም በሕይወት መኖሩን፣ ሕብረ ሕዋሱ ለጀርሙ አሁን እየመለሰ መሆኑን።

ጀርም መታየቱ በቀለም ይታወቃል። የግራም ቀለም ባክቴሪያዎችን በሁለት ይከፍላል፤ አንዳንዶቹ ሐምራዊ፣ ሌሎቹ ቀይ ሆነው ይታያሉ። ሆኖም አንቲባዮቲክ የጀመረ ሰው ቫልቭ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የግራምን ሐምራዊ ቀለም መያዝ ያቅታቸዋል። ያን ጊዜ በብር የሚሠራው የግሮኮት ቀለም ያወጣቸዋል፤ ፈንገስንም ያሳያል። በካልቸር በቀላሉ የማያድጉ ጀርሞች ሌላ ዘዴ ይሻሉ፦ ለባርቶኔላ ዋርቲንና ስታሪ የሠሩት የብር ቀለም፣ ለዊፕል በሽታ ባክቴሪያ ፒኤኤስ የተባለው ቀለም፣ ለሁሉም ደግሞ የጀርሙን ዲኤንኤ የሚያበዛው ፒሲአር።

ጀርም መታየቱ ግን በሕይወት መኖሩን አያሳይም። ታማሚዋ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ወስዳ፣ ኢንፌክሽኑ ጠፍቶ፣ የሞቱት ባክቴሪያዎች ቅሪት በፋይብሪን ውስጥ ታሽጎ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ቀለሙ የሞተውንም የሕያውንም ግድግዳ እኩል ይቀባል፤ ፒሲአርም የሞተውን ዲኤንኤ ያነባል። ሕይወት መኖሩን የሚመሰክረው ካልቸር ብቻ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በተለመደው የሕክምና መመሪያ የቫልቩ ካልቸር ጀርም ካበቀለ የአንቲባዮቲኩ ዘመን ከቀዶ ሕክምናው ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ ካላበቀለ ግን ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረበት ቀን ይቆጠራል። በስላይድ ላይ ባክቴሪያ አይቶ “ንቁ ኢንፌክሽን” ብሎ የጻፈ ሰው፣ አስፈላጊ ባልሆነ መድኃኒት ለሳምንታት በመርፌ ልትቆይ የምትችል ታማሚ ፊት ይቆማል።

ሦስተኛው፣ የሕብረ ሕዋሱ መልስ፣ በሕዋሳቱ ዓይነት ይነበባል። ኒውትሮፊል የተባሉት ፈጥኖ ደራሽ ነጭ ሕዋሳት በብዛት ካሉና ክዳኑን እየበሉት ከሆነ ብግነቱ የአሁን ነው። ቬጀቴሽኑ በኮላጅን ተተክቶ፣ ጠርዙ ለስላሳ ሆኖ፣ ኖራ ይዞ ከተገኘ ደግሞ እየዳነ ወይም የዳነ ነው። ሦስቱን አጠቃልለን ብንይዛቸው፦ ቀለም መገኘትን፣ ካልቸር ሕይወትን፣ ሕዋሳት ደግሞ ጊዜን ይናገራሉ። አንዱ የሌላውን ድርሻ አይናገርም።

ተመሳሳይ መለያየት ለሩማቲክ በሽታም ይሠራል። ጀርመናዊው ፓቶሎጂስት ሉድቪግ አሾፍ በ1904 በሩማቲክ ልብ ጡንቻ ውስጥ ልዩ የብግነት ጉብታ ገለጸ፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጉብታው በመካከሉ የሞተ ሕብረ ሕዋስ፣ በዙሪያው ማክሮፋጅ የተባሉ ትልልቅ በላተኛ ሕዋሳት አሉት። ከተገኘ ለሩማቲክ በሽታ ልዩ ምስክር ነው። ነገር ግን በቀዶ ሕክምና በወጣ ቫልቭ ላይ ብዙም አይገኝም፤ አለመገኘቱም ሩማቲክን አያስቀርም። መገኘቱም ቢሆን ብቻውን ታማሚዋ አሁን ሩማቲክ ትኩሳት ላይ ናት አያሰኝም፤ በ1950ዎቹ የተጣበቀ ሚትራል ቫልቭ ሲከፈትላቸው ከላይኛው ክፍል ጆሮ መሰል ተቀጥላ በተወሰደ ሥጋ ውስጥ የአሾፍ ጉብታ የተገኘባቸው፣ ግን የትኩሳት ምልክት ያልነበራቸው በርካታ ታማሚዎች ነበሩ። በብዛት የምናየው ጠባሳውን ነው፦ ንብርብሮቹ ተደባልቀው፣ ኮላጅን በዝቶ፣ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው የደም ሥሮች ገብተው።

የሩማቲክ በሽታ ነገር በሀገራችን የተለየ ክብደት አለው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ባለው የልብ ማዕከልና በሌሎችም ስፍራዎች በቫልቭ ችግር ከሚመጡት ልጆችና ወጣቶች ብዙዎቹ በሽታቸው ሩማቲክ ነው። ቤተሰብ “ቫልቩ ተቀይሯልና ዳነ” ብሎ ማመኑ የሚገባ ነው፤ ግን እዚህም ላይ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። የተቀየረው የተጎዳው በር ነው፤ ሰውነት ለስትሬፕቶኮከስ የሚሰጠው የተሳሳተ መልስ ግን አልተቀየረም። አዲስ የጉሮሮ ሕመም የቀሩትን ቫልቮች ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይቀጥላል። ፓቶሎጂስቱ “ሩማቲክ” የሚለውን ቃል በማስረጃ ሲያጸናው የመርፌውንም ምክንያት ያጸናል፤ ሚክሶማዊ የሆነውን ቫልቭ በግዴለሽነት ሩማቲክ ቢለው ደግሞ አንድን ወጣት ያለ ምክንያት ለዓመታት መርፌ ያስወጋዋል።

የተተከለ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተበላሽቶ ሲወጣም መንገዱ ያው ነው፤ የሚጨመረው የቫልቩን ዓይነት፣ መጠንና መለያ ቁጥር መመዝገብ፣ በኤክስሬይ ማንሣት፣ ከዚያም በላዩ የበቀለው ሥጋ የረጋ ደም ነው ወይስ ቀስ ብሎ የተሠራ ጠባሳ የሚለውን መለየት ነው።

አሁን ሪፖርቱን እንጻፍ። ሪፖርት የፓቶሎጂስቱ የጽሑፍ ቃል ነው። “ሩማቲክ ቫልቭ፣ ከኢንዶካርዳይተስ ጋር” የሚል አንድ መስመር ብናገኝ ምን እንደታየ፣ ምን እንደተገመተ አናውቅም። በተማርነው መለያየት ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ “የሚትራል የፊተኛ ክዳን፤ በጠባሳ የወፈረ፤ የጅማት ክሮቹ ያጠሩና የተጣበቁ፤ በክዳኑ ውስጥ አዳዲስ የደም ሥሮች ያሉበት። መጋጠሚያዎቹ በናሙናው ውስጥ የሉም፤ በቀዶ ሐኪሙ ማስታወሻ ተጣብቀው እንደነበር ተገልጿል። እነዚህ ለውጦች ለሩማቲክ በሽታ ይስማማሉ። በጠርዙ ላይ በከፊል በኮላጅን የተተካ ቬጀቴሽን አለ፤ በግሮኮት ቀለም ክብ ባክቴሪያዎች ታይተዋል፤ ኒውትሮፊል ጥቂት ነው። ባክቴሪያዎቹ ሕያው ስለ መሆናቸው ከዚህ ምርመራ መናገር አይቻልም፤ ከካልቸር ውጤት ጋር ይነበብ።”

ይህ ጽሑፍ ከመፈረሙ በፊት ፓቶሎጂስቱ ስለ ቬጀቴሽኑ ለሚያክመው ሐኪም በስልክ ይነግረዋል፤ ወረቀቱ እስኪደርስ አይጠብቅም። ካልቸሩ ግን ቀናት ይወስዳል። ውጤቱ ሲመጣ የመጀመሪያው ሪፖርት አይሰረዝም፣ አይታረምም፤ ስላይዶቹ እንደገና ይታያሉ፣ ከሪፖርቱ ግርጌም ቀን ያለውና የተፈረመ ተጨማሪ ማስታወሻ ይያያዛል።